በጓሳ ደጋ ስለ አስካሪና አነቃቂ ነገሮች የነበረው ሥርዐትና የዛሬ ወጣቶች ሁኔታ

ጓሳ በሰሜን ሸዋ፥ በመንዝ፥ በገራ ምድር የሚገኝ ከፍተኛ ደጋ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል፤ ስፋቱም መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስሙን ያገኘው በላዩ ከሚበቅለው ከጓሳ ሣር ሲሆን፥ ባላገሩ በዚህ ሣር ቤቱን ይከድናል፥ ገመዱንም ይገምዳል። በስተ ምዕራብ ገብስ የሚዘራበት የመንዝ ሜዳ ተዘርግቶ ይታያል። በስተ ምሥራቅ ግን ምድሩ በድንገት ተቆርጦ ወደ ኤፍራታና ወደ ይፋት ቆላ ይወርዳል። ከአፋፉ ላይ ቆሞ ቁልቁል የሚመለከት ሰው ውርጭና ሐሩር፥ ገብስና ማሽላ፥ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ተጎራብተው ያገኛል።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው፥ በዚህ ወሰን ላይ በሚኖረው ሕዝብ ዘንድ የሚያሰክሩና የሚያነቁ ነገሮች እንዴት ይታዩ እንደ ነበር፥ ወጣቱም ከእነርሱ ጋር የነበረው ግንኙነት እንዴት እንደ ተለወጠ ነው። ዛሬ በመሐል ሜዳም ሆነ በሞላሌ፥ በደብረ ብርሃንም ሆነ በአዲስ አበባ የወጣቶች ጠባይ በተወራ ቁጥር ጫት፥ አረቄና ሲጋራ መነሣታቸው አይቀርም። ሽማግሌው «በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም» ይላል። ወጣቱም «እናንተስ ጠላችሁን ስትጠጡ ማን ከለከላችሁ?» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ከእውነቱ ከፊሉን ይዘዋል። ታሪኩን ተከትለን ስንሄድ፥ የሚያሰክረውም የሚያነቃውም ነገር ከጥንት ጀምሮ በአካባቢው እንደ ነበረ እንረዳለን። ዳሩ ግን ማን፥ መቼ፥ ከማን ጋርና ምን ያህል ይወስዳል የሚለውን የሚወስን ሥርዐት አብሮት ይኖር ነበር። ከጊዜ ብዛት ነገሩ ሲቀር ሳይሆን ይህ ሥርዐት ሲላላ ነው ችግሩ የከፋው።

ስለ ጫት በአገራችን ከተጻፉት ጥንታውያን ማስረጃዎች አንዱ የዚሁ የጓሳ ግርጌ የሆነውን የይፋትን አገር የሚመለከት ነው። የዐፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል በ1324 ዓ. ም. ከይፋቱ ገዥ ከሰብረዲን ጋር የተደረገውን ጦርነት ሲተርክ፥ ሰብረዲን በንጉሡ ላይ የዛተውን ዛቻ ይዘረዝራል። ከዛቻዎቹ አንዱ የንጉሡን መናገሻ ይዞ ጫት እንደሚተክልበት የተናገረው ሲሆን፥ ምክንያቱም ሙስሊሞች ይህን ተክል የሚወዱት ስለ ሆነ እንደ ነበር ተመልክቷል። ታሪኩን የጻፈው የንጉሡ ወገን ነውና ዛቻው ቃል በቃል እንዲህ ተነግሯል ብለን ልንወስደው አይገባም። ቢሆንም ሁለት ነገሮችን ያስረዳናል። አንደኛው፥ ጫት ከሰባት መቶ ዓመት ገደማ በፊት በይፋት በሚገባ የታወቀ ተክል መሆኑ ነው። ሁለተኛው፥ ቅጠሉ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የወገን ምልክት ሆኖ ይቆጠር እንደ ነበር ነው። መትከሉ አገር እንደ መያዝ፥ አለመቃሙም በሃይማኖት እንደ መጽናት ይታይ ነበር ማለት ነው።

ይህ ከሆነ ጫት ከይፋት ወደ መንዝ ለመውጣት ይህን ያህል ዘመን ለምን ፈጀበት? ምክንያቱ ሦስት ይመስለናል። የመጀመሪያው አየሩ ነው፤ ጫት ውርጭ በሚመታው ከፍታ ላይ አይበቅልምና የመንዝ ሰው በጓሮው ሊያበቅለው አይችልም። ሁለተኛው መንገዱ ነው። የሳይንስ ሊቃውንት እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1975 ካቲኖን የሚባለውን የቅጠሉን ዋና አነቃቂ ንጥረ ነገር ለይተው አውጥተዋል። ይህ ንጥረ ነገር ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ በሁለት ቀን ያህል ጊዜ ውስጥ ኀይሉ እየደከመ ይሄዳል። ስለዚህ በአህያና በበቅሎ ብቻ ይነገድ በነበረበት ዘመን ጫት ከተተከለበት አገር ብዙ ሊርቅ አይችልም ነበር። ሦስተኛውና ምናልባትም ከሁሉ የበረታው ምክንያት ሃይማኖት ነው፤ የመንዝ ክርስቲያን ጫት መቃምን ሃይማኖትን እንደ መለወጥ ይቈጥረው ነበር።

ይህ አስተያየት ለጫት ብቻ የተለየ አልነበረም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (1805–1840 ዓ. ም.) በሸዋ ቡና መጠጣት እንኳ ለክርስቲያን የተነቀፈ ነበር። ትምባሆም እንዲሁ የተወገዘ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ (1864–1881 ዓ. ም.) ትምባሆ የሚያጨስ ሰው ከንፈሩ፥ ሱረት የሚስብም አፍንጫው እንዲቆረጥ አዝዘው እንደ ነበር በታሪክ ተጽፏል። ነገር ግን ይህን የመሰለ ከባድ ቅጣት ትምባሆን ከአገር አላጠፋውም። ከጥቂት አሥርተ ዓመታት በኋላ መንግሥት ራሱ የትምባሆ ሞኖፖል አቋቁሞ ከሽያጩ ገቢ መሰብሰብ ጀመረ። በአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ውስጥ አንድ ነገር አፍንጫ ከሚያስቆርጥ ወንጀልነት ወደ መንግሥት ገቢነት መለወጡ፥ በፍርሃት ላይ ብቻ የቆመ ክልከላ ምን ያህል አጭር ዕድሜ እንዳለው ያሳያል።

የቡና ታሪክ ግን ሌላ መንገድ ሄዷል። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ቡና ይጠጡ ነበር። አቡነ ማቴዎስም ካህናቱ በቡና ላይ የነበራቸው ጥላቻ እንዲለዝብ ብዙ አደረጉ። ከዚያም በኋላ ቡና ወደ ደጋው ሲወጣ ብቻውን አልወጣም። ረከቦቱ፥ ዕጣኑ፥ ቄጤማው፥ ጎረቤት መጥራቱ፥ አቦል፥ ቶና፥ በረካ የሚባለው ተራው ሁሉ አብሮት መጣ። በረካ የሚለው ቃል ራሱ በዐረብኛ በረከት ማለት ሲሆን፥ የመንዝ ክርስቲያን እናት ሳትጠራጠር በቤቷ ትናገረዋለች። ትናንት የተወገዘው ነገር ዛሬ የጎረቤት ፍቅር ማጽኛ ሆነ። ይህም የሆነው የሚጠጣበት ሰዓት፥ የሚጠጣበት ቦታና አብሮ የሚጠጣው ሰው የታወቀ ስለ ሆነ ነው።

ከጫትና ከትምባሆ የራቀው የመንዝ ሰው ከመጠጥ ግን አልራቀም። ከገብሱ ጠላ ይጠምቃል፥ አረቄም ያወጣል፤ ከቆላ ጌሾ ያስመጣል። ዳሩ ግን መጠጡ በብዙ ነገር የታጠረ ነበር። ጠላ የሚጠመቀው ለማኅበር፥ ለሰንበቴ፥ ለሠርግ፥ ለተዝካር፥ ለደቦ ነው። ማኅበርተኛው ጽዋውን በየወሩ በተራ ያወጣል፤ ካህኑ ሳይባርክ የሚቀምስ የለም። አሳላፊው ከማንቆርቆሩ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውኃም አይቀመስም፤ የጾሙ ቀናት ደግሞ የዓመቱን ግማሽ ያህል ይይዛሉ። የወጣቱ ቦታም የታወቀ ነው። ልጅ ቆሞ ያሳልፋል፥ የእንግዳ እግር ያጥባል፤ ቢሰጠው ቅራሪ ይቀምሳል እንጂ ከአባቱ ፊት ተቀምጦ ዋንጫ አያነሣም። የራሱን ጎጆ እስኪወጣ ድረስ መጠጥ የሚያገኘው ከታላላቆቹ እጅና በታላላቆቹ ፊት ብቻ ነው። ገንዘብ በእጁ አይገባም፤ መሸታ ቤትም በመንደሩ የለም።

ይህን ስንል የቀድሞው ወጣት አእምሮን ከሚለውጥ ነገር ፈጽሞ ንጹሕ ነበር ማለታችን አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች የታወቀው የአብሾ ነገር ለዚህ ምስክር ነው። አብሾ አስተናግር ከሚባለው መርዛም ተክል ፍሬ የሚዘጋጅ ሲሆን፥ አእምሮን ያሰላል፥ የተማሩትንም እንዳይረሳ ያደርጋል ተብሎ የቅኔና የዜማ ተማሪዎች ይወስዱት እንደ ነበር ይነገራል። የተክሉ ስም ራሱ ጠባዩን ይገልጻል፤ የበላው ሰው የማያውቀውን ሲለፈልፍ ስለሚውል አስተናግር ተባለ። በውስጡ ያሉት አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉት ንጥረ ነገሮች የዓይንን ብሌን ያሰፋሉ፥ ልብን ያስሮጣሉ፥ አእምሮን ያቃዣሉ፤ መጠኑ ሲበዛም ይገድላሉ። ጥቂት ጠጥቶ ዐብዶ የሚጣላን ሰው ሕዝቡ እስከ ዛሬ «አብሾ አለበት» እያለ መጥራቱ፥ ነገሩ በተማሪዎች ላይ ያደረሰው ጉዳት ሳይረሳ መቆየቱን ያሳያል። ልብ ልንለው የሚገባው ግን ተማሪው አብሾ የሚወስደው ለጨዋታ ሳይሆን ለትምህርቱ ብሎ መሆኑ ነው። ከቤተ ሰቡ ርቆ፥ ቁራሽ ለምኖ እየበላ፥ ቃሉን በቃሉ ይዞ ለመምህሩ መመለስ ያለበት ወጣት ድካሙን የሚያቀልለት ነገር ሲያገኝ እጁን ዘረጋ። ይህን ምክንያት ወደ ኋላ እንደ ገና እናገኘዋለን።

ከአፋፉ በታች በይፋትም ቢሆን ጫት ያለ ሥርዐት የሚበላ ቅጠል አልነበረም። በይፋትና በወሎ ሙስሊሞች ዘንድ ወዳጃ የሚባል የጸሎት ስብሰባ አለ። በዚህ ስብሰባ ሽማግሌው ወይም ሼኹ በመካከል ተቀምጦ ዱዓ ያደርጋል፤ ቡናው ይፈላል፥ ዕጣኑ ይጤሳል፥ ጫቱም ተመርቆ ይታደላል። የታመመ ይጸለይለታል፥ የተጣላ ይታረቃል፥ ዝናም የጠፋ እንደ ሆነ አምላክ ይለመናል። ወጣቱ በዚያ ሥፍራ የሚገኘው ሊያገለግልና ምርቃት ሊቀበል ነው። እንግዲህ በደጋ ያለው ክርስቲያን በማኅበሩ፥ በቆላ ያለው ሙስሊም በወዳጃው፥ ሁለቱም በየበኩላቸው ብርቱውን ነገር በታላቅ ሰውና በጸሎት አጥረውት ነበር ለማለት እንችላለን።

ጓሳ ራሱ የሚጠበቅበት ሥርዐት ከዚህ የራቀ አልነበረም። የአገሩ ታሪክ እንደሚያስረዳው አስቦና ገራ የሚባሉ አቅኚ አባቶች ምድሩን ከያዙ ጀምሮ ደጋው ቄሮ በሚባል ሥርዐት ሲጠበቅ ኖሯል። ይህ ቃል በመንዝ የሣሩን ጥበቃ ሥርዐት ያመለክታል። ተወላጆቹ አባ ቄራ ወይም አፈሮ የሚባል አለቃ ይመርጣሉ። በእርሱ ትእዛዝ ደጋው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ድረስ ይዘጋል፤ ከብት አይገባበትም፥ ሣር አይታጨድበትም፥ እንጨት አይለቀምበትም። ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈትና ክረምቱ ሲገባ በሐምሌ 5 ቀን፥ በሐዋርያት በዓል፥ ተመልሶ ይዘጋል። ይህ ሥርዐት ሣሩን ፈጽሞ የከለከለ አልነበረም። የሚወሰድበትን ጊዜ ወስኖ፥ ጠባቂውም ተጠባቂውም ሁሉ አንድ ሆኖ እንዲታዘዘው ያደረገ ሥርዐት ነበር። የመንዝ ልጅ ገና ከብት ሲጠብቅ የሚማረው የመጀመሪያ ትምህርት ይህ ነበር፦ በዓይኑ የሚያየውን ለምለም ሣር ጊዜው እስኪደርስ አለመንካት።

እነዚህ አጥሮች አንድ በአንድ የላሉበትን ሁኔታ እንመልከት። በጣልያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ. ም.) የጣርማ በር ተራራ ተፈልፍሎ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው የመኪና መንገድ ተሠራ። ይህ መንገድ በጓሳ ግርጌ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ በኩል ያልፋል። በኋላም ከጣርማ በር ወደ ሞላሌና ወደ መሐል ሜዳ የሚያወጣ መንገድ ሲከፈት፥ በማለዳ የተቀጠፈ ጫት በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ኀይሉ ሳይደክም በዕለቱ ደጋው ላይ የሚደርስበት ዘመን መጣ። ለብዙ መቶ ዓመታት አየሩና ርቀቱ የከለከሉትን ነገር መኪና ፈቀደው።

በ1967 ዓ. ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት እንዲሆን አዋጅ ሲታወጅ የቄሮው ሥርዐት ቀረ። አዋጁ ለጭሰኛውና መሬት ለሌለው ሰው ያስገኘው ጥቅም የማይካድ ነው። ነገር ግን በጓሳ ላይ የአባ ቄራው ቃል ሲሻር፥ ሽማግሌው ለልጁ የሚያዝዝበት አንዱ ሥልጣንም አብሮ ተሻረ። ልጁ መሬት ከአባቱ መጠበቁን ተወ፤ የሚበቃ መሬትም አልነበረም። ትምህርት ቤት ሲስፋፋ ወጣቱ ወደ ወረዳው ከተማ መጣ። ስንቁን ከገጠር ተሸክሞ፥ ከጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይማራል። በዚያች ክፍል አባትም እናትም፥ ካህንም ሼኽም የሉም። ከደጃፉ ግን አረቄ ቤትና ጫት መሸጫ አለ።

ከዚህ ላይ የአብሾው ምክንያት ተመልሶ ይመጣል። ዛሬ በከፍተኛ ትምህርት ቤቶችና በዩኒቨርሲቲዎች ጫት የሚጀምሩ ብዙ ተማሪዎች የሚሰጡት ምክንያት ለፈተና ሌሊቱን ነቅቶ ማደር ነው። ቅጠሉ ለጥቂት ሰዓት እንቅልፍን ያርቃል፥ ረኃብን ያስረሳል፥ ምርቃና የሚባለውን የመንፈስ መነቃቃት ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ግን ድብርት ይከተላል፥ እንቅልፍም እንቢ ይላል። ይህን ለማስታገሥ ጨብሲ እያሉ ቢራ ወይም አረቄ ይጨምሩበታል፤ በመካከሉም ሲጋራ ይገባል። በማግሥቱ ሐራራው ሲነሣ እንደ ገና ወደ ጫቱ ይመለሳሉ። በዚህ ዓይነት አንዱ ነገር ሌላውን እየጎተተ ይመጣል። ለትምህርት ተብሎ የተጀመረው ነገር የትምህርቱን ጊዜና ከቤት የመጣውን ጥቂት ገንዘብ ይበላል። በአንዳንዱም ላይ የአእምሮ መታወክ ያስከትላል።

የነገሩን ስፋት በቁጥር ለመመልከት፥ በ2008 ዓ. ም. በመላው ኢትዮጵያ የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ይጠቅማል። በዚህ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት መካከል ከወንዶች 27 በመቶ፥ ከሴቶችም 12 በመቶ ያህሉ ጫት ቅመው እንደሚያውቁ ተናግረዋል። ሲጋራ የሚያጨሱት ወንዶች ግን 4 በመቶ ያህል ብቻ ናቸው። እነዚህን ቁጥሮች ስናነብ ጥንቃቄ ያስፈልገናል። ቅሞ የሚያውቅ ማለት ዘወትር የሚቅም ማለት አይደለም፤ የምሥራቁ የአገራችን ክፍልም ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ይሁን እንጂ ከአራት ወንዶች ከአንድ የሚበልጠው የቀመሰው ነገር የአንድ ወገን ምልክት ነው ለማለት ከእንግዲህ አይቻልም። በዐምደ ጽዮን ዘመን በአፋፉ የተለየው ወሰን ዛሬ የለም። በአንድ ክፍል ውስጥ የመንዝ ልጅና የይፋት ልጅ ከአንድ እስር ቅጠል ይካፈላሉ። ቅጠሉ ከቆላ ወደ ደጋ ሲወጣ ወዳጃው፥ ዱዓውና ሽማግሌው ከሥር ቀሩ። ጠላውና አረቄውም ከቤት ወደ መሸታ ቤት ሲወጣ ማኅበሩና ቡራኬው እንደዚሁ በቤት ቀረ።

መንግሥት ነገሩን በሕግ ለመግታት ሞክሯል። በ1996 ዓ. ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አደንዛዥ ዕፆችን ማምረትን፥ መነገድንና መጠቀምን ይቀጣል። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው የአልኮል መጠጥና ትምባሆ መሸጥን ከልክሏል፤ በሕዝብ መሰብሰቢያ ቦታዎች ማጨስንና መጠጥን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ማስተዋወቅንም አግዷል። ለጫት ግን እንዲህ ያለ የዕድሜ ወሰን አላኖረም። ብዙ ገበሬ የሚኖርበትና ለአገሩም የውጭ ምንዛሪ የሚያስገኝ ተክል ስለ ሆነ መከልከሉ ቀላል ነገር አይደለም። ቢከለከልስ? ከንፈርና አፍንጫ ያስቆርጥ የነበረው የዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ያላጠፋውን ነገር የገንዘብ መቀጮ ብቻውን ያጠፋዋል ብሎ ማመን ያስቸግራል።

የቀድሞው ሥርዐት ሁሉ መልካም ነበር ብለን የምንደመድም እንዳይመስል አንድ ነገር መጨመር ይገባናል። በዚያ ሥርዐት ጎረቤት ከጎረቤት በቅጠልና በፍንጃል ይናናቅ ነበር። ለተዝካር ድግስ ሲባል ባላገሩ በዕዳ ይያዝ ነበር፤ አዋቂውም በየድግሱ ሰክሮ ይጋደል ነበር። አብሾ የወሰደው ተማሪም ዐብዶ ሲቀር የሚጠይቅለት አልነበረም። የቄሮው መብትም የአቅኚዎቹ ተወላጆች ብቻ እንጂ የሌላው አልነበረም። እንግዲህ ከቀድሞው ልንማር የምንችለው ዘዴውን ነው እንጂ ሁሉን እንደ ነበረ መመለስን አይደለም።

ለዚህም ጓሳ ራሱ ምሳሌ ይሆነናል። ከ1967 ዓ. ም. በኋላ ባለቤት እንደ ሌለው ዕቃ ሲታጨድና ሲጋጥ የነበረው ደጋ ሊጠፋ መቃረቡን ያዩት በዙሪያው ያሉ ቀበሌዎች እንደ ገና ተሰበሰቡ። የተወላጅነት ልዩነትን ትተው፥ ቀድሞ መብት ያልነበራቸውንም ጨምረው ደንብ አወጡ፤ ጠባቂ መረጡ፥ ሣሩ የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትንም ጊዜ ወሰኑ። ደጋው ዛሬ የሕዝብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ይገኛል፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮም ይኖሩበታል። ያ ደንብ የጸናው ሽማግሌውም ወጣቱም፥ ባለ ብዙ ከብቱም ባለ ጥቂቱም እኩል ስለ ታዘዙት ነው።

ስለ ወጣቱም ነገሩ ከዚህ የሚለይ አይመስለንም። በመሐል ሜዳ ክፍል ተከራይቶ ለሚማረው ልጅ በመጀመሪያ የሚያስፈልገው እንደ ወላጅ መጥቶ የሚጠይቀው ሰው ነው። ያከራየው ባለቤት፥ የቀዬው ዕድር፥ መምህሩ፥ ካህኑና ሼኹ ተነጋግረው ይህን ሥራ ቢካፈሉት ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ሌሊቱን የሚያጠናበት መብራትና ከጓደኞቹ ጋር የሚቀመጥበት ቤት ቢያገኝ፥ ነቅቶ ለማደር ቅጠል የሚፈልግበት ምክንያት ይቀንሳል። ልጁን የሚመክረው ሽማግሌም አስቀድሞ የራሱን ዋንጫ መጠን ቢወስን ምክሩ ይሰማለታል። በሐምሌ 5 ቀን ደጋው ሲዘጋ የአባ ቄራው ከብት ከሌላው ከብት ጋር አብሮ ይወጣ ነበርና።